ስለ ሞሲ ልብስ

ሞሲ የሚባለውን ነጭ ጨርቅ የማያውቅ ሰው በእጁ ቢይዘው አየር የያዘ ይመስለዋል። ኮርያውያን በሙቀት ወራት ይለብሱታል፤ ላብ ይጠጣል፥ ከገላ አይጣበቅም፥ ነፋስም እንደ ልቡ ይገባበታል። የሚገኝበት ተክል የሳማ ዘመድ ነው፤ ደግነቱ አይለበልብም። በደቡብ ቹንግቾንግ ክፍለ ሀገር፥ በሶቾን አውራጃ፥ ሐንሳን በምትባለው ስፍራ ይህን ተክል በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ያጭዱታል።

የውጭው አረንጓዴ ቅርፊት በትንሽ ቢላዋ ተፍቆ ሲነሣ ልጡ ብቻ ይቀራል። ልጡ በውኃ ይነከራል፥ በፀሐይም ይሰጣል፤ እስኪነጣም ድረስ ይህ ይደጋገማል። ከዚያ ወዲያ ያለው መሣሪያ ጥርስ ነው። ሴቲቱ ልጡን በፊት ጥርሷ ነክሳ ትሰነጥቀዋለች፤ የተሰነጠቀውንም እንደ ገና ትሰነጥቀዋለች፤ የክሩን ቅጥነት የሚያውቁት ከንፈሯና ምላሷ ናቸው። የጀማሪዋ ከንፈር ይቈስላል፥ ይደማል። ብዙ ዘመን የሠራችው ደግሞ ጥርሷ እየተበላ መስመር ያወጣል። በኮርያ ቋንቋ አንድን ሥራ በመደጋገም የለመደውን ሰው «ጥርሱ ላይ ቦይ ወጣ» ይሉታል፤ የሐንሳን ሰዎችም ይህ አነጋገር የተወለደው ከእኛ ሴቶች አፍ ነው ይላሉ።

ክሮቹ አጫጭር ናቸውና መቀጠል አለባቸው። ሴቲቱ ሁለቱን ጫፎች በባዶ ጕልበቷ ላይ ታጋጥማለች፥ በምራቋም አርሳ በመዳፏ ታሻቸዋለች። እንዝርት የለም፤ እንዝርቱ ጕልበቷ ነው። ይህንም በቀን ስንት ጊዜ እንደምትመላልሰው፥ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ አንተው አስበው።

ሽመናውም የራሱ አበሳ አለው። ድሩ በአኩሪ አተር ዱቄትና በጨው በተሠራ ሙጫ ተቀብቶ በእሳት ወላፈን ይደርቃል። ደረቅ ነፋስ ያገኘው ክር ስለሚበጠስ፥ ሸማኔዋ በሐምሌና በነሐሴ ወበቅ ደጁን ዘግታ፥ ወይም ከመሬት በታች በተቈፈረ ቤት ተቀምጣ ትሠራለች። ሌላው ሰው ቀዝቀዝ ብሎት እንዲሄድ እርሷ በላብ ትጠመቃለች። የጨርቁ ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥራቱ የሚለካው በዚያ ስፋት በሚገባው የድር ብዛት ሲሆን፥ 80 ድር አንድ ሴ ይባላል። ባለ 10 ሴው ጨርቅ እንግዲህ 800 ድር አለው ማለት ነው።

አንድ ወዳጄ ከዚያ አገር ያመጣልኝ መሐረብ የምታህል ቍራጭ አለችኝ። ለእንግዳ ሳሳያት ብዙዎቹ «በጥርስ! እንዴት ያለ ድንቅ ነው!» ይሉኛል። ድንቅ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የሰው ከንፈር መድማቱ ለጨርቁ እንደ ጥልፍ የተጨመረለት ጌጥ ይመስል ሲያወሩት ይከፋኛል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 የኮርያ መንግሥት ይህን ሽመና የአገር ቅርስ አድርጎ መዘገበው፤ በ2011 ደግሞ ዩኔስኮ ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር ጻፈው። መልካም ነው። ጥበቡ ግን ከእናት ወደ ሴት ልጅ፥ ከአማትም ወደ ምራት የሚተላለፍ ነውና፥ ልጅና ምራት ወደ ከተማ ሲሄዱ ተቀባዩ አነሰ። በዚህ ጊዜ ወጣቱን በስንፍና የሚከስ አይታጣም። እኔ ግን በሴቶቹ ልጆች አልፈርድም። ከእናቷ ጕልበት አጠገብ ያደገች ልጅ የከንፈሩን ቍስል ከማንም አስቀድማ አይታዋለች። «ጥበቡ እንዳይጠፋ ተቀመጪልን» ብለን ስንለምናት፥ ምን ልንከፍላት አስበን ነው? አድናቆትማ ለእናቷም ሞልቶላት ነበር። ሠርተው ከሚኖሩበት ዋጋ ጋር የሚቀመጡ ቢገኙ ግን እጅግ ደስ ይለኛል፤ እንዲህ ያለ ጨርቅ ከምድር ላይ ሲጠፋ ማየት አልሻም።

ባለፈው እሑድ ቍራጯን በመስኮት ብርሃን ላይ ዘርግቼ የክሮቹን መጋጠሚያ ፈለግሁ። ዓይኔ እስኪደክም አይቼ አንዲት ብቻ አገኘሁ፤ ከሌላው ክር የምትወፍረው በጥቂቱ ነው። ጨርቁን የሸጠው ነጋዴ የሠራችውን ሴት ስም ለወዳጄ አልነገረውም፤ ወዳጄም አልጠየቀም።