የአይልትስ ንግግር ፈተና ለሚጠብቃት ልጄ

መጋላ፣ ድሬዳዋ

ልጄ፣ ለአይልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና መመዝገብሽን፣ ከአራቱ ክፍሎችም የሚያስጨንቅሽ የንግግሩ መሆኑን ወንድምሽ ነገረኝ። አባትሽ ዕድሜውን በንግድ የጨረሰ ሰው ቢሆንም በዚህ ጉዳይ የሚለው አያጣም።

የንግግሩ ፈተና ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ከአንድ ፈታኝ ጋር የሚደረግ ጭውውት ነው፤ ድምፁም ይቀረጻል። መጀመሪያ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራና ስለ ትምህርት ይጠየቃል። ቀጥሎ ርእስ የተጻፈበት ካርድ፣ ወረቀትና እርሳስ ይቀርባል፤ ተፈታኙ 1 ደቂቃ ይዘጋጅና እስከ 2 ደቂቃ ብቻውን ይናገራል። በመጨረሻ በዚያው ርእስ ዙሪያ ጠለቅ ያለ ውይይት ይከተላል። ነጥቡ የሚሰጠው ሐሳብን አያይዞ ሳይደነቃቀፉ በመናገር፣ በቃላት ሀብት፣ በሰዋስውና በድምፅ አወጣጥ ሲሆን አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። ተፈታኙ የያዘው አቋም ልክ ነው አይደለም ብሎ የሚያርም የለም።

ቋንቋ በመናገር እንደሚለመድ ከከተማችን እይ። በከፊራ ገበያ አትክልት የምትሸጥ ሴት ከገጠር ከመጣው ገበሬ ጋር በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ ዞር ብላ ለደንበኛዋ ዋጋውን በሶማልኛ ትናገራለች፣ መልሱን በአማርኛ ትቆጥራለች። ስትሳሳት ይሳቅባታል፤ እሷም ትስቃለች፤ ገበያው ይቀጥላል። ድሬዳዋን በ1895 ዓ.ም. የቆረቆራት የባቡር ሐዲድም በዘመኑ የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ብዙ ሠራተኛ የለመደውም እዚያው ሥራው ላይ ነው።

የመጋላ ልጅ ቋንቋ የሚይዘው እንዲህ ሆኖ ሳለ እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ግን ይሽኮረመማል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛን የሚፈትነው በምርጫ ጥያቄ ነው፤ መናገር አይጠየቅበትም። ስለዚህ ወፍራም መጽሐፍ አንብቦ የሚረዳ ተማሪ ስለ ሰፈሩ ሁለት ደቂቃ ማውራት ያቅተዋል።

ብዙዎች ይህን ክፍተት በሽምደዳ ሊሞሉት ይሞክራሉ። ፈታኞች ግን የተሸመደደ መልስ ለመለየት የሰለጠኑ ናቸው። ጥያቄውን ትንሽ አዙረው ሲያመጡት ሸምዳጁ ባለበት ይቀራል።

ሌላው ችግር ጨዋነታችን ነው። በትልቅ ሰው ፊት አንገት ደፍቶ «አዎ»፣ «አይደለም» ብሎ መመለስ ቤት ውስጥ ያስመሰግናል፤ ፈተናው ላይ ግን ፈታኙ የሚመዝነው ንግግር ያጣል። «አዎ» ያለ ሰው ለምን እንደሆነ ምክንያት ይጨምር፣ አንድ ምሳሌም ያምጣ። ጥያቄው ካልገባውም እንዲደገምለት መጠየቅ ነውር የለበትም።

የሀገር ዘዬ ብቻውን ነጥብ አይቀንስም፤ የሚጎዳው ንግግሩ ለሰሚው ሳይገባ ሲቀር ነው። «ፓርክ» ማለት ፈልጎ «ባርክ» የሚል፣ «ስኩል»ን «እስኩል» የሚል ብዙ ነው። አንቺ ግን የምትበልጪበት ነገር አለ። ቁርኣን ስትቀሪ የተማርሽው፣ ምላስ በላይና በታች ጥርሶች መካከል ገባ ብሎ የሚወጣው የዐረብኛው «ሣ» (ث)፣ እኛ «ሲንክ» (think) እያልን የምንጠራው ቃል የሚጀምርበት የእንግሊዝኛ ድምፅ ነው። እሱኑ አውጪው።

ማታ ማታ ስልክሽን ከፍተሽ ድምፅሽን ቅረጪ። ርእሱ «የማውቀው ገበያ» ይሁን፤ ስለ ከፊራ የምትናገሪው አታጪም። ደቂቃውን ያዢ፣ መልሰሽ ስሚው፣ የቆምሽበትን ቦታ ለይተሽ ድገሚው። ከጓደኛሽ ጋርም በእንግሊዝኛ አውሩ፤ ቢሳቅባችሁ ሳቁ።

ለፈተናው አዲስ አበባ ስትሄጂ የተመዘገብሽበትን ፓስፖርት እንዳትረሺ። የንግግሩ ክፍል ከሌሎቹ ክፍሎች በተለየ ቀን ሊውል ስለሚችል ቀኑን ሳታረጋግጪ የመመለሻ ትኬት አትቁረጪ። ውጤቱ በአብዛኛው የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው፤ ስለዚህ የምታመለክቺበት ዩኒቨርሲቲ ስንት ነጥብ እንደሚፈልግና መቼ እንደሚቀበል አስቀድመሽ ጠይቂ።

አባትሽ