ጎጂን ነገር ከመንገድ ማንሳት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

ጦርነቱ ወደ እኛ ወደ ሰሜን ወሎ የገባው በ2013 ዓ.ም. ክረምት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከቀበሌያችን ሲርቅ ሰዉ ወደየቤቱ ተመለሰ፤ ተዋጊዎቹ የተዉት ብረት ግን በየማሳውና በየጢሻው ቀረ። እኔ በመንደራችን መድረሳ ከዐስር ሶላት በኋላ ሕጻናትን አስቀራለሁ። በዚያ ሰሞን ያስተማርኳቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ኢማን ቅርንጫፎች የተናገሩትን ነበር፤ ጎጂን ነገር ከመንገድ ማስወገድም ከኢማን እንደሆነ። ምሳሌዬ እሾህ፣ ድንጋይና የተሰበረ ጠርሙስ ነበር።

በሳምንቱ አንድ የአሥር ዓመት ገደማ እረኛ ደስ እያለው መጣና «ኡስታዝ፣ ዛሬ አጅር አገኘሁ» አለኝ። ሴቶች ውኃ በሚቀዱበት መንገድ ላይ ክንፍ ያለው ብረት አግኝቶ፣ ማንንም እንዳይጎዳ ብሎ፣ በሁለት እጁ አቅፎ ወስዶ ከእርከኑ ሥር አስቀምጦታል። ቅምቡላ ነበር! አፌ ደረቀ። በደነገጥኩት መጠን ተቆጣሁት። ልጁ እያለቀሰ፣ «አንቱ አይደሉም እንዴ ያስተማሩን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ዕለት አላህ ጠበቀው፤ አልሐምዱሊላህ። እኔም መንገዱን ከሩቅ በእሾህ አጥሬ ለቀበሌው አስታወቅሁ። የሚያመክኑት ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ያደርኩባቸው ሌሊቶች እንቅልፍ የለሽ ነበሩ።

በ2015 ዓ.ም. ስለ ፈንጂና ስለ ተተኳሽ አደጋ የሚሰጠውን ትምህርት በየወረዳው ለሚመሩ ሰዎች በደሴ ከተማ ስልጠና ሲዘጋጅ እኔም ተመረጥኩ። ልብ በሉ፤ ስልጠናው ለአስተማሪዎች ሳይሆን አስተማሪዎችን ለሚያሰማሩት ነው። የጤና ባለሙያ፣ ርዕሰ መምህር፣ ቄስም ነበሩበት። እኔ ዕቅዴን አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ ይህን ያህል ፖስተር፣ አንድ የድምፅ ማጉያ፣ ከጁሙዓ በኋላ ማስታወቂያ። (የመጀመሪያው ቀን ረፋድ ስለ አበል በመነጋገር አለፈ፤ ያንን ልተወው።)

አሰልጣኟ እህት ዕቅዳችንን ሳታይ አንድ ጥያቄ ጠየቀችን። «በቀበሌያችሁ የሚጎዳው ማን ነው? ምን ሲሠራ?» ከመካከላችን በትክክል የመለሰ አልነበረም። ሁላችንም ምን እንደምንናገር እንጂ ለማን እንደምንናገር አላሰብንበትም።

ቀጥላ ወደ አደጋ የሚገቡ ሰዎችን በአምስት ከፈለችልን። አደጋ መኖሩን ጭራሽ የማያውቅ አለ። መኖሩን ሰምቶ እንዴት እንደሚጠነቀቅ ያልተነገረው አለ። በተሳሳተ መንገድ የተነገረው አለ። እያወቀ በድፍረት የሚነካካ አለ። መጨረሻው እያወቀ ኑሮ የሚያስገድደው ነው፤ ማሳውን ካላረሰ ልጆቹ የሚራቡበት ገበሬ፣ ብረቱን ለቁራሌው ሸጦ ደብተር የሚገዛ ልጅ። ለዚህ ለመጨረሻው «አደገኛ ነው» ብሎ መስበክ ምንም አይጨምርለትም፤ እሱ ከሰባኪው ይበልጥ ያውቀዋል። መሪው ከቁራሌው ጋርም መነጋገር አለበት፤ ማሳው ቀድሞ እንዲጸዳም ደጅ መጥናት አለበት። የእኔን እረኛ ፈልጌ ያገኘሁት ሦስተኛው ላይ ነው። በተሳሳተ መንገድ የነገረው ደግሞ እኔ ነኝ።

በዚህ ስህተት ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያወቅሁት በቦስኒያ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ለዚያ አገር ሕጻናት ስለ ፈንጂ የሚያስጠነቅቅ የሱፐርማን የሥዕል መጽሐፍ ታትሞ ነበር። ሐሳቡ በጎ ነው። ነገር ግን ሱፐርማን እየበረረ መጥቶ ልጆቹን ሲያድን ያየ ሕጻን እኔንም ያድነኛል ብሎ ፈንጂ ወዳለበት ሊገባ ይችላል የሚል ትችት ተነሣበት። እ.ኤ.አ. በ2001 በአፍጋኒስታን ደግሞ የአሜሪካ አውሮፕላኖች የጣሉት የምግብ ጥቅልና ከክላስተር ቦምብ የተበተኑት ትናንሽ ቦምቦች ሁለቱም ቢጫ ነበሩ። ለተራበ ሕጻን ቢጫው ቀለም ምን እንደሚለው አስቡት!

ቀድሞ ይህ ሥራ «የፈንጂ ግንዛቤ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በተሻሻለው ዓለም አቀፍ የፈንጂ ሥራ ደረጃ፣ በቁጥር 12.10፣ ስሙ ስለ ማንኛውም ተተኳሽ አደጋ ማስተማር ሆኗል። ለእኔ ከስሙ ይልቅ የበለጠብኝ አንድ የሥራ ግዴታ ነው፤ ማንኛውም መልዕክት ወደ ሕዝብ ከመውጣቱ በፊት በአድማጮቹ ላይ ይፈተናል። ማለትም ለጥቂት ሰዎች ይነገርና «ተረዳችሁ?» ተብሎ ሳይሆን «እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል። «ተረዳችሁ?» ለሚለው ልጆች ሁልጊዜ «አዎን» ነው የሚሉት፤ ሃያ ዓመት አስቀርቻለሁ፣ አውቀዋለሁ።

ወደ መንደሬ ተመልሼ ሞከርኩት። ሐዲሱን አልተውኩም፤ እንዲህ ያለውን ጎጂ ነገር ከመንገድ የምናስወግደው በእጅ ሳይሆን በምላስ ነው፣ ለትልቅ ሰው በመንገር ነው አልኳቸው። «በእጃችሁ አትንኩ» አልኩና ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው። አንዱ ፈጠን ብሎ፣ «በዱላዬ ገፋ አድርጌ ከመንገድ አወጣውና እነግራለሁ» አለ። እጅ እንጂ ዱላ አላልኩማ! ሁሉንም እንደገና ጻፍኩት። በእጅም፣ በዱላም፣ በድንጋይም፣ በገመድም አትንኩ፤ ባላችሁበት ቁሙ፤ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፤ ቦታውን ለትልቅ ሰው ንገሩ።

ሴቶቹን በተመለከተ ስህተቴን ያሳየችኝ ባለቤቴ ናት። «ውኃ የምንቀዳው እኛ፣ እንጨት የምንለቅመው እኛ፤ አንተ የምትናገረው ጁሙዓ ላይ ለወንዶች» አለችኝ። አሁን ትምህርቱ በሴቶች ዱዓና በቡና ላይ በራሳቸው በሴቶች ይሰጣል።

ሪፖርት ላይ አሁንም የሚጠየቀው «ስንት ሰው ተማረ?» ነው። እሞላለሁ። ከጎኑ ግን ስንት ሰው አይቶ ሳይነካ መጥቶ እንደነገረን፣ ባለሙያዎቹም በስንት ቀን እንደደረሱ እጽፋለሁ። ነግሮ የሚመጣለት ያጣ ሰው ሁለተኛ አይነግርምና።

በቅርቡ አዲሱን ትምህርት በድጋሚ ስፈትን ያ እረኛ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ቁመቱ አድጓል። ሁሉም ከመለሱ በኋላ እጁን አነሣና፣ «ኡስታዝ፣ እኛ አልነካንም እንበል፤ ታናሽ ወንድማችን ሊያነሳው ሲሮጥ ብናይስ? እንከተለው ወይስ እንቁም?» አለኝ። በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም። ደብተሬን አውጥቼ ጥያቄውን እንዳለ ጻፍኩት። ባለሙያዎቹ ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ይህንኑ ነው፣ ኢንሻ አላህ።