ስርዝ ድልዝ የሌለው መዝገብ

ለቅሶው የተሰማው ሌሊት ነው። ጠዋት የእድሩ ኮሚቴ የቀብር ማስፈጸሚያ ገንዘብ ለማውጣት ተሰበሰበና ላፕቶፑን ከፈተ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት የአባልነት ቁጥራቸው 88 ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ከ87 ቀጥሎ የሚታየው 89 ነው። በመሀል ያለው አንድ የማይነበብ ምልክት፣ የሌላ ሰው ስም ጭራ እና ፊቱ የተቆረጠ ግማሽ ስም ብቻ ነው።

«እማማ ሲስተሙ ላይ የሉም» አለ ከአዲሶቹ የኮሚቴ አባላት አንዱ። «ምናልባት ውዝፍ በዝቶባቸው ተሰርዘው ይሆናል።»

እኚህ እናት እንጀራ እየጋገሩ በሚያገኙት ብር ለዓመታት አንድ ወር ሳያጓድሉ መዋጯቸውን የከፈሉ ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት ግን ድንኳን ሊጣልላቸው ሲገባ አባል መሆናቸው መጣራት ነበረበት።

ፕሮግራሙን የሠራው የእድሩ ጸሐፊ የእህት ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ተጠርቶ እየሮጠ መጣ። ቫይረስ ፈለገ፣ የለም። ማን ነካው ብሎ ጠየቀ፣ ማንም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥፋተኛውን አገኘው፦ ራሱ ነበር። የሳተውም በ13 ባይት ነው።

ኮምፒውተር ፋይልን በገጽና በመስመር አያየውም። ለእሱ ፋይል ማለት ከ0 ጀምሮ የተቆጠረ ረጅም የባይት ሰልፍ ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አንድ ቁጥር ይይዝለታል፤ ቀጣዩ ንባብ ወይም ጽሑፍ ከስንተኛው ባይት እንደሚጀምር የሚናገር ቁጥር። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደሉን በስንደዶ እየነካ እንደሚያነበው ማለት ነው፤ 10 ባይት ሲነበብ ስንደዶው በ10 ወደፊት ይሄዳል። ስንደዶውን አንስቶ ሌላ ቦታ ማሳረፍም ይቻላል። ይህን የሚያደርገው ትእዛዝ «ሲክ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ውስጥ ነበረ፤ ዛሬም በሲም ሆነ በፓይተን የሚጽፍ ሁሉ ይጠቀምበታል። ርቀቱ ከፋይሉ መጀመሪያ፣ አሁን ካሉበት ቦታ ወይም ከፋይሉ መጨረሻ ይለካል።

ልጁም ያደረገው ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ አባል 40 ባይት መደበ፦ 4 ለቁጥር፣ 6 ለክፍያ፣ 30 ለስም። የ88ኛውን አባል ለማግኘት ቀድመው ያሉትን 87 አባላት ማንበብ አያስፈልግም፤ 87ን በ40 ማባዛትና ባይት 3480 ላይ ማረፍ ይበቃል። ፈጣን ነው፣ ያምራልም። ስሞቹ በላቲን ፊደል በተጻፉበት ጊዜ ሁሉ ያለ እንከን ሠራ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተገቢ ጥያቄ አነሱ፦ «የኛ ስም ለምን በኛ ፊደል አይጻፍም?» ልጁ ተስማማና እያንዳንዱ ስም ያለበት ቦታ ላይ እያረፈ በአማርኛ ይተካ ጀመር። ያልታሰበው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በአብዛኛው በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የአባል ቁጥር 87 ስም ከነአባታቸው 14 ፊደል ነበር። 14 በ3 ሲባዛ 42፣ ከመሀሉ ክፍት ቦታ ጋር 43። የተመደበው 30 ነው። የተረፈው 13 ባይት የት ይሂድ?

ሰው ደብተር ላይ ሲጽፍ ቦታ ካነሰው ኅዳጉ ላይ ያጠጋጋል። ፋይል ግን ጠጋ በሉ ብሎ ለአዲስ መጪ ቦታ አይለቅም። መሀሉ ላይ ቆሞ መጻፍ ማለት ባለው ላይ መጻፍ ማለት ነው። 13ቱ ባይት ወደ ጎረቤት ተሻገሩ። የ88ን ቁጥር ዋጡ፣ ክፍያዋን ዋጡ፣ ከስሟም ሦስት ፊደል ነጠቁ። ኮምፒውተሩ አላስጠነቀቀም፤ ከእሱ በኩል ስህተት የሚባል ነገር የለምና። ተጻፍ ተባለ፣ ጻፈ።

አጎትየው ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄደው ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ መዝገብ ይዘው ተመለሱ። ላፕቶፑ ከመጣ በኋላም በየወሩ እየጻፉበት ኖረዋል፤ ልጁን ላለማስቀየም ለማንም አልተናገሩም። 88ን ገለጡ። እናትየው አንድም ወር ውዝፍ የለባቸውም። እዚያው ገጽ ላይ በአንድ ወር ክፍያ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበት፣ ትክክለኛው ቁጥር ከጎኑ ተጽፎ፣ ፊርማና ቀን ሰፍሮበታል።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?» አለ ልጁ።

«እኔ ተሳስቼ ነው። እኔም እሳሳታለሁ ልጄ። ግን ስሳሳት ይታያል።»

ድንኳኑ ተጣለ። ገንዘቡም ወጣ።

«ስርዝ ድልዝ» በአማርኛ የሚያስፈራ ቃል ነው። ውል ላይ፣ የምስክር ወረቀት ላይ፣ ደረሰኝ ላይ ስርዝ ድልዝ ከታየ ሰነዱ ይጠረጠራል። ግን የጥርጣሬው ምክንያት ራሱ የወረቀት ጸጋ ነው፦ ወረቀት ሲነካ ይናገራል። መሀሉ ላይ በሲክ ታርፎ የተጻፈበት ፋይል ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። በስህተት የተደመሰሰውም ሆነ በተንኮል የተቀየረው መልካቸው አንድ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በላዩ ላይ የተጻፈበትስ?

ልጁ ፕሮግራሙን እንደገና ሠራው። ከኮምፒውተር ይልቅ የአጎቱን መዝገብ አስመሰለ። አሁን ፋይሉ የሚከፈተው መጨረሻው ላይ ለመጨመር ብቻ ነው። በዚህ አከፋፈት ፕሮግራሙ ስንደዶውን የትም ቢያሳርፍ፣ የሚጻፈው ነገር ምንጊዜም ከፋይሉ ጫፍ ይቀጠላል። ስም መታረም ካለበት የድሮው አይነካም፤ «የ87 ስም በዚህ ቀን በእገሌ እንዲህ ተብሎ ታረመ» የሚል አዲስ መስመር ይጨመራል። የሒሳብ ባለሙያዎች ከኮምፒውተር በፊት ጀምሮ የሚያውቁት ሕግ ነው፦ የተሳሳተ ምዝገባ በማስተካከያ ምዝገባ ይታረማል እንጂ አይፋቅም። ፋይሉ ይረዝማል፣ ፍለጋውም ትንሽ ይዘገያል። ለአንድ እድር ይህ ዕዳ አይደለም።

ሙሉ መድኃኒት ነው ማለት ግን አይደለም። ፋይሉን የመክፈት ሥልጣን ያለው ሰው ነገ በሌላ መንገድ ከፍቶ መሀሉን መጻፍ ይችላል። ስለዚህ በየወሩ አንድ ቅጂ ከዳኛው፣ አንዱ ከገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጣል። ሰማያዊው መዝገብም አልተጣለም።

ይህ የአንድ ሰፈር እድር ጉዳይ ነው። ግን የመሬት ይዞታ፣ የግብር፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ከወረቀት ወደ ስክሪን እየገባ ባለበት ጊዜ፣ በየቢሮው መስኮት «ሲስተሙ ላይ የለም» የሚል መልስ ያልሰማ ባለጉዳይ ጥቂት ነው። ያ መልስ የክርክር መጨረሻ ሆኖ ይቀርባል፤ መሆን ያለበት ግን መጀመሪያ ነው። የለም ወይስ ነበረ? ከነበረ ማን፣ መቼ ነካው? በጥንቃቄ የተሠራ ሲስተም ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አለው፤ እያንዳንዱን ለውጥ ከነባለቤቱና ከነሰዓቱ ይመዘግባል። መልስ የሌለው ደግሞ ስክሪኑ የቱንም ያህል ቢያምር ከሰማያዊው መዝገብ ያነሰ ነው።

እናትየው ከአርባ በኋላ ወርሃዊ መዋጯቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ላፕቶፑ ላይ መዘገበና ስክሪኑን አዞሮ አሳያቸው። አዩት፣ አመሰገኑት። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረው «እርስዎም ይጻፉልኝ» አሏቸው።

ጻፉላቸው።