ጩኸትና ጉልበት በፈረስ መጋላ

በሐረር ፈረስ መጋላ ማርሚታው የተቆረጠ ሞተር ሳይክል እያጓራ ሲያልፍ ሰዉ «ይሄ ጉልበት አለው!» ይላል። እኔ አልስማማም። የሞተሩ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሲከፈት የሚወጣው ጭስ በቱቦው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይዞ ይሮጣል። ቱቦው የሚሰፋበት ቦታ ሲደርስ ሞገዱ ዝቅተኛ ግፊት ሆኖ ይመለሳል። ቫልቩ ሳይዘጋ ከደረሰ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣል፣ አዲስ አየርም ያስገባል። ወሳኙ እንግዲህ የቱቦው ልክ ነው፤ ረጅምና ቀጭን ቱቦ በዝቅተኛ ዙር፣ አጭርና ሰፊው በከፍተኛ ዙር ይረዳል። ባለአራት ሲሊንደር ትላልቅ ሞተሮች ላይ የአራቱን ቱቦዎች ርዝመት አመጣጥነው ወደ አንድ የሚያገናኙት ለዚሁ ነው።

ሐረር ደግሞ 1,885 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ክፍት ማርሚታ በተቃራኒው ድብልቁን ያሳሳል። ታዲያ ጂግለሩን (በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነውን ቀዳዳ) ሳያዩ ብረት መቁረጥ ምን ይሉታል? (ለነገሩ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ድምፁን ነው።) በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ በጁገል ጠባብ መንገዶች፣ በድንጋይ ግድግዳዎች መሃል፣ ያ ድምፅ መሄጃ የለውም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይጋራዋል። ወደ ድሬዳዋ ቁልቁል ስትወርዱ ግን አየሩ እየወፈረ ስለሚሄድ፣ ያው ካርቡራተር ሌላ ጠባይ ያሳያችኋል።