የውሃ ጉዞ ምክር

ከእስቴ፣ ከስማዳና ከጋይንት የተወለድን አራት ወዳጆች ቤተ ሰባችንን ይዘን በውሃ ላይ ለመጓዝ ተማከርን። በእስያ አገር ሜኮንግ በሚባለው ወንዝ መንገደኞች በመርከብ እየበሉና እየተኙ ብዙ ቀን እንደሚሄዱ ሰምተናልና፤ የስማዳው ወዳጃችን «ዓባይ በደጃችን ሲያልፍ የሰው ወንዝ ምን ያሻናል?» አለ።

ነገሩ ለጆሮ ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን የስማዳንና የእስቴን ቆላ እየታከከ የሚወርደው ዓባይ ገደሉ ጥልቅ፣ ውሃውም ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የሚወረወር፣ አዞ ያለበት ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሰዎች በጀልባ ሲወርዱበት፣ በዚያ ጉዞ ከመካከላቸው አንዱን ውሃ ወስዶታል። እነርሱ ለዚሁ የሠለጠኑ ነበሩ፤ እኛ ግን ሕፃናት ይዘናል። የወዳጃችን ባለቤት ይህን ሰምታ «እናንተ ውረዱ፤ ልጆቼን ግን አልሰጥም» ብላ ቍርጡን ተናገረች፤ እኔም ከእርሷ ጋራ ቆምሁ።

ስለዚህ ዓባይ የሚወጣበትን ጣናን መረጥን። አንዱ፣ ክብራን ገብርኤል ለሴቶች የተከለከለ ስለ ሆነ ሴቶቹ በጀልባ ይጠብቁን ቢል፣ ለቤተ ሰብ ጉዞ የማይገባ መሰለኝ። በዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴቶችንም ትቀበላለችና ሥዕሎቿን አብረን እናያለን። የስማዳው ወዳጃችን ገና ቅር እንዳለው ነው፤ ሆኖም ስንቁን እርሱ ሊያሰናዳ ተስማምቶ፣ ቀኑ ከፋሲካ በኋላ ተቈረጠ።