ከጉቴ እስከ ወንጪ ሐይቅ

በግሪክና በቱርክ ጠረፍ ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው ባለሸራ መርከብ ከነካፒቴኑ ለሳምንት ይከራያሉ። ውድ አንባቢያን፥ እናንተም ባሕር የለንም ብላችሁ አትዘኑ፤ በጉቴ በኩል የሚያልፈው አውራ ጎዳና ወደ ሐይቅ ያደርሳል።

ጉቴ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ የምትገኝ የዋዩ ቱቃ ከተማ ናት። ከዚያ በሲሬ፣ በባኮ፣ በጌዶና በጉደር አልፋችሁ አምቦ ስትደርሱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችኋል። ከአምቦ ወደ ደቡብ ዳገቱን የወጣ ሰው ወንጪን ያያል፤ የጥንት እሳተ ገሞራ አፉን ውሃ ሞልቶት፣ በመካከሉም የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ደሴት አለ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል።

ችግሩ ያለው ከሐይቁ ሳይሆን ከወዳጆቻችሁ ዘንድ ነው። ሃያ ሰዎች «እሄዳለሁ» ብለው አራቱ በመጨረሻው ቀን የቀሩ እንደሆነ፣ የመኪናው ኮንትራት አይቀንስምና የቀሩት እያንዳንዳቸው በሩብ የበለጠ ይከፍላሉ። በወር ደመወዝ ለሚኖር ጸሐፊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወዳጅነትም የሚሻክረው በዚህ ነው። ስለዚህ እንደ ዕቁብ አድርጉት፤ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ምረጡ፣ መዋጮውን በየወሩ ሰብስቡ፣ የቀረም ሰው ገንዘቡ እንደማይመለስለት አስቀድማችሁ ተስማሙ። ለባለመኪናው ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ነዳጁ፣ የሹፌሩ አበልና መኝታው በማን እንደሆነ በጽሑፍ አስፍሩ። (ቃል ብቻ የተቀበለ ሰው ባኮ ላይ ክርክር ይገጥመዋል።)

ወለጋ በቅርብ ዓመታት በግጭት ብዙ መከራ አይታለችና፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቁ። ካሰጋ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉ፤ ሐይቁ የትም አይሄድም።

በወንጪ ባለሸራ ጀልባ አትጠብቁ። ሁላችሁም በአንድ ጀልባ ካልሆነ የሚል ቀልደኛ አይጠፋም፤ እሺ አትበሉት። ጀልባ ሲጨናነቅ ይገለበጣል፣ ከደጋ የመጣ ብዙ ሰው ደግሞ ዋና አያውቅም። ተከፋፍላችሁ በየተራ ተሻገሩ፤ የነፍስ አድን ሰደሪያም ጠይቁ። የቀረው ተራውን እስኪያገኝ በፈረስ ዳርቻውን ይዙር፣ የእንሰቱንም ማሳ ይይ።

ጋቢ አትርሱ። ሐይቁ ከ2,800 ሜትር በላይ ነውና የባኮ ሙቀት ያታለለው ሰው ማታ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።