ኢያጎ በላስታ

የሁለት ሰው ትዕይንት ቀላል ነው ብሎ የሚጀምር የቴአትር ተማሪ ብዙ ነው። አልባሳት አይፈጅ፣ ግርግር አይፈልግ፣ የሚቀር ተዋናይ አይለመን። እኔና ጓደኛዬም ክረምቱን ላሊበላ ቤተሰብ ጋ ስንከርም የመረጥነው በዚሁ ስሌት ነው፤ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ከተተረጎመው «ኦቴሎ»፣ ሦስተኛው ገቢር፣ ሦስተኛው ትዕይንት። እኔ ኦቴሎ፣ እሱ ኢያጎ። ሲጀመር ኦቴሎ ሚስቱን የሚወድ የጦር አለቃ ነው፤ ሲያልቅ ሊገድላት ቆርጧል። በመሐል የተመዘዘ ሰይፍ የለም። ወሬ ብቻ ነው።

*

ጓደኛዬ በመጀመሪያዎቹ ልምምዶች እያንዳንዱን ቃል መርዝ እየቀባ ነበር የሚናገረው፤ ዓይኑን አጥብቦ፣ ድምፁን አጎርንኖ። የምንለማመድበትን ክፍል ቁልፍ የሚይዙት ዘበኛ በር ላይ ተቀምጠው ሲያዩን ቆዩና «ልጄ፣ እንዲህ ከሆነ ማን ያምነዋል? ነገረኛ ሰው እኮ ፊቱ የዋህ ነው» አሉት።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ስናነበው ሌላ ሆኖ አገኘነው። ኢያጎ ትልቁን ነገር አይናገርም። ሊናገር ይጀምርና ይተወዋል፤ ሲጠየቅ ጥያቄውን መልሶ ይደግመዋል፤ ሲጨቀጨቅ ሰው ማማት ነውር ነው ብሎ ይሸሻል። ነገሩን ከአፉ ጎትቶ የሚያወጣው ራሱ ኦቴሎ ነው። ይህን ለማወቅ ቬኒስ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ማለዳ ቡና የሚጠጣበት ቤት መቀመጥ ይበቃል።

*

ቅዳሜ ገበያ። አንድ ሰው የበጉን ወገብ በጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ ላቱን በመዳፉ መዘነ፣ ዋጋ ጠራ። ባለበጉ የሰማ አይመስልም፤ ወደ አሸተን ተራራ ያያል። ገዢው ወደ ደላላው ዞሮ «ሰውዬው ሊሸጥ ነው የመጣው ወይስ በጉን ሊያናፍስ?» አለ። ባለበጉም ለደላላው መለሰ፦ «በግ አያውቅም በለው።» ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመው አንዲት ቃል በቀጥታ አልተለዋወጡም። በመጨረሻ ገዢው ትቶ አራት አምስት እርምጃ ሄደ። ዋጋው የወረደው ያኔ ነው።

እኛ ግን ስንለማመድ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠን ነበር፤ ከፊልም የለመድነው ነው። የአገራችን ሰው የከበደውን ነገር ለሰውየው አይነግረውም፤ ለበጉ፣ ለምድጃው፣ እግሩ ሥር ለሚጫወተው ሕፃን ነው የሚናገረው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለነቀፋ ቢሆንም ለተዋናይ ጥሩ ምክር ነው። ሰኞ ልምምድ ላይ ኢያጎ ንግግሩን አቋርጦ ጀርባውን ሰጥቶኝ እንዲሄድ አደረግን። ሳላስበው ተከተልኩት። የጦር አለቃው በበታቹ ጀርባ እየተጎተተ መድረኩን ሲያቋርጥ ማንም ምንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

*

ጓደኛዬ አንድ ክፉ ልማድ አለበት፤ እኔ ስናገር ከንፈሩ ቃሌን ይከተላል። ተራውን እየጠበቀ እንጂ እየሰማኝ አይደለም። የእኔ ልማድ ደግሞ ከዚያ አይሻልም ይለኛል፤ እሱ ሊጨርስ ሲል እተነፍሳለሁ።

*

ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው ታኅሣሥ 29፣ ላሊበላ ቤተ ማርያም። በዓሉ የጌታ ልደት ነው፤ የቅዱስ ላሊበላም ልደት አብሮ ይከበራል። ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ከፊሉ ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለት ጠርዝ ላይ በመላእክት አምሳል፣ ከፊሉ ከታች በቅጥሩ ውስጥ በእረኞች አምሳል ይቆማል። ቤዛ ኩሉ ይዜማል፤ የላዩ ያነሣል፣ የታቹ ይቀበላል።

በልጅነቴ ዓይኔ የሚሄደው ወደሚያዜመው ወገን ነበር። አሁን የምመለከተው ተራው ያልደረሰውን ነው። ያ ወገን ቆሞ አይጠብቅም። መቋሚያው ይነቃነቃል፣ ጉልበቱ ይላላል፣ ትከሻው የሌላውን ዜማ ይዞ ይወርዳል፤ አፉ ሲከፈት ሰውነቱ ቀድሞ ገብቶበታል። አንድ ዓመት ሙሉ «አድምጡ፣ አድምጡ» ሲባል የሰማሁትን ነገር ማንም እንዲህ አድርጎ አላሳየኝም።

ሌላም አለ። ቤተ መቅደሶቹ ዓለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠሩ ስለሆኑ ከጠርዙ ላይ ለቆመ ምዕመን የታችኞቹ ፊት አይታየውም፤ የሚታየው ጥምጥምና ትከሻ ነው። በቴአትር ቤት ግን ተመልካች ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያል፤ ቴሌቪዥን ደግሞ ጭራሽ አፍንጫችን ሥር አመጣው። በዚህ የተነሣ የእኛ ትውልድ ተዋናይ በቅንድቡ ነው የሚሠራው። ኦቴሎን ከዚያ ጠርዝ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ቢኖር ቅናቴን በምን ያውቀዋል? ብዬ በክረምቱ ልምምድ ጀርባዬን ማሠራት ጀመርኩ። ጓደኛዬ ወገብህን አሞሃል ወይ አለኝ።

*

ትምህርት ቤት ለሁለታችን ሥራ ፈተና ላይ ማርክ የሚሰጠን ለየብቻ ነው። ከቤዛ ኩሉ ካህናት የላዮቹን ነጥሎ ማርክ የሚሰጥ እስኪገኝ ድረስ ይህ አሠራር አይገባኝም።

*

ላሊበላ ወይም ሐሚና የሚባሉት ዘፋኞች ጎህ ሳይቀድ ነው ደጅ የሚመጡት፤ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው። እሱ ያወርዳል፣ እሷ ትቀበላለች። ማዜሙን ብንተው ቁምጥና ይይዘናል ብለው ያምናሉ ይባላል። የባለቤቱን ስም አስቀድመው ከጎረቤት ጠይቀው ይዘዋል፤ በዜማው መሐል ይጠሩታል። ከሰጠ ምርቃት፣ ካልሰጠ እርግማን።

ክፍል ውስጥ ስታኒስላቭስኪን ስናጠና የተነገረን በተዋናይና በተመልካች መካከል ግድግዳ እንዳለ አድርገን እንድንጫወት ነው። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ግድግዳው በእርግጥ አለ፤ ድንጋይና ጭቃ ነው። ተመልካቹ ከግድግዳው ወዲያ ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል፤ አያጨበጭብ፣ አይስቅ። ባልና ሚስቱ እርስ በርስ እየተቀባበሉ የሚዘፍኑት ግን እሱን ከአልጋው ለማስነሣት ነው፤ ሳይነሣ ከቀረም ቁርሳቸው ይቀራል። እኛ ተጨበጨበም አልተጨበጨበም እራታችንን እንበላለን። ልዩነቱ ትወናችን ላይ ይታያል።

*

ያሳየነው ነሐሴ ላይ፣ በአሸንድዬ ሰሞን ነው። አዳራሹ ቆርቆሮ፣ ወሩ ነሐሴ፤ ውጤቱን መገመት አያቅትም። ኢያጎ ጥርጣሬውን ሊዘራ ጠጋ ባለበት ቅጽበት ዝናቡ ጣሪያውን ደበደበው። መጮህ ይቻል ነበር፤ ግን የሚጮህ ኢያጎ ምን ኢያጎ ነው? ጓደኛዬ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ተያየን፤ ምን ሊነግረኝ እንደሆነ ለማወቅ የምር ቸኮልኩ። ከፊት የተቀመጡ ሴቶች «ምን አለው? ምን አለው?» ይባባላሉ። ምንም አላለኝም ነበር።

*

በትዕይንቱ መጨረሻ ኦቴሎ ተንበርክኮ ለበቀል ይምላል፤ ኢያጎ አጠገቡ ተንበርክኮ ላገልግልህ ብሎ አብሮ ይምላል። ልምምድ ላይ ለእኛ ይህ የጉልበትና የአቧራ ጉዳይ ብቻ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግን ተንበርክከን እጃችንን ስናነሣ አንዳንዱ አማተበ።

ሲያልቅ አንድ ቄስ መጡ። ለእኔ ያሉት የለም። ወደ ጓደኛዬ ሄደው «ልጄ፣ በሐሰት መማልህን ተው» አሉት።

«ቴአትር እኮ ነው አባ።»

«ይሁና! አፉ ግን ያንተ ነው።»

ሳቅን። ጓደኛዬ ግን ብዙም አልሳቀም። በማግስቱ ማታ አጠገቤ ተንበረከከ፣ እጁንም አነሣ፤ ቃሉን ግን አላወጣውም። እኔ ምዬ ጨርሻለሁ። ዞሬ አየሁት፤ አየኝ። ብቻዬን እንደማልኩ ያኔ ገባኝ፤ ከሁለታችን በአምላክ ፊት ቃል ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ነገሩን ያመጣው ሰው ንጹሕ ነው። ያንን ቅዝቃዜ በልምምድ አንድም ቀን አግኝቼው አላውቅም።

ትዕይንቱን ያዘጋጀልን ሰው ጽሑፍ አጎደልክ ብሎ ጓደኛዬን ተቆጣው። በሕጉ ልክ ነው፤ ሼክስፒር አምሎታል። እኔ ግን የማይምለው ኢያጎ የባሰ ይመስለኛል፤ ጓደኛዬ ደግሞ ለትወና ብሎ እንዳላደረገው ይምላል።